ስለ 782ቱ የፈረስ ጉልበት

ባለፈው እትማችን በሁለተኛው ገጽ ላይ፥ አንድ የማኅበራችን አባል የሠራት መኪና 782 የፈረስ ጉልበት አላት ብለን በደስታ ማብሰራችን ይታወሳል። ብዙ አንባቢያንም ዜናውን ወደውታል፤ እንዲያውም በዚህ ጋዜጣ ላይ ከወጡት ጽሑፎች ሁሉ ከአፍ እስከ ገደፉ የተነበበው እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ግን ያንን ቁጥር ሳንመረምር ማተማችን ስሕተት እንደ ነበረ ልንገልጽ እንወዳለን። ከዚያም አልፎ፥ የምሕንድስና ተማሪዎች ኮሚቴ በመጪው የጸደይ ወራት ሊያዘጋጀው ባሰበው «የጉልበት ቀን» ላይ ተቃውሞ አለን። ተቃውሟችን በቀኑ ላይ አይደለም፤ ከፍተኛ ቁጥር ላስመዘገበ ሰው ሊሰጥ በታሰበው ሽልማት ላይ ነው።

በመጀመሪያ መኪናዪቱ አሁን የት እንዳለች እንናገር። በአውሮራ ከተማ በአንድ ጋራዥ ጓሮ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ከስምንቱ ፒስተኖቿ አንዱ ጫፉ ቀልጧል፤ የሲሊንደሩም ግድግዳ ተፍቋል። ባለቤቷ ጓደኛችን ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ምግብ እያደረሰ ያጠራቀመው ገንዘብ በዚያ ሸራ ሥር ተኝቷል። በሰው ላይ ጉዳት ባለመድረሱ እግዚአብሔር ይመስገን።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቁ አንባቢያን፥ በተለይም የታሪክና የሕግ ተማሪዎች ለሆናችሁ፥ ጥቂት ማብራራት ይገባናል። መኪናዪቱ በ2015 የተሠራች ፎርድ ሙስታንግ ስትሆን አምስት ሊትር የሚይዝ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አላት። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሰጠው ቁጥር 435 የፈረስ ጉልበት ነው። ጓደኛችን በላዩ ላይ ሱፐርቻርጀር ገጠመበት። ሱፐርቻርጀር ማለት በአጭሩ የአንጥረኛ ወናፍ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ወናፉን የሚያናፋው ሰው ሳይሆን ከሞተሩ ዋና ዘንግ በቺንጊያ የሚዞር ፑሌጃ መሆኑ ነው። ንጽጽሩ ከእኛ የመጣ አይምሰላችሁ። በኢንዲያና የሚኖሩ ሩትስ የተባሉ ወንድማማቾች በ1860 የባለቤትነት መብት ያገኙበት መሣሪያ ለማቅለጫ ምድጃ አየር መንፊያ ሆኖ ሲያገለግል ኖሮ ነው በኋላ ወደ መኪና የተዛወረው። ሞተር በተፈጥሮው የሚስበው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ነው። ወናፉ ግን አየሩን ጠቅጥቆ ያስገባለታል፤ ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፥ ብዙ ጉልበትም ይወጣል። ፑሌጃው ትንሽ በሆነ መጠን ወናፉ በፍጥነት ይዞራል፥ ግፊቱም ይጨምራል። የዚህ ሁሉ ጉድ መነሻም ያቺ ትንሽ ፑሌጃ ናት።

ጉልበቱ የሚለካው ዳይኖ በሚባለው መሣሪያ ነው። መኪናዪቱ የኋላ ጎማዎቿ በትልቅ ከበሮ ላይ እንዲያርፉ ተደርጎ በሰንሰለትና በጠፍር ታስራ፥ ነጂው ከአንድ ለአንድ በሚቀርበው ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል። አንዱ ዓይነት ዳይኖ የከበሮው ክብደት ስለሚታወቅ፥ ከበሮው በምን ያህል ፍጥነት ዙሩን እንደ ጨመረ አይቶ ጉልበቱን ያሰላል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ከበሮውን በኤሌክትሪክ ፍሬን እየያዘ በጭነት ይለካል፤ ይህኛው ሞተሩን በአንድ ዙር ላይ አቁሞ ሙቀቱ ምን እንደሚሆን ለማየት ያስችላል። ሁለቱ መሣሪያዎች ለአንዲት መኪና በአንድ ቀን የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ የሚያስገርም አይደለም። ሥራው ሁሉ የሚፈጸመው በአሥርና በአሥራ አምስት ሴኮንድ ውስጥ ነው። በቦታው ነበርንና ጩኸቱን እንመሰክራለን፤ ከእኛ አንዱ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ እንኳ እስከ ማግስቱ ሲጮኽበት ነበር።

በዚያ ቀን ከበሮው በጎማዎቹ ላይ ያገኘው 520 የፈረስ ጉልበት ነበር። ይህን ቁጥር ልብ በሉ፤ ከዚህ በኋላ ማንም መፍቻ አላነሣም፥ ማንም ብሎን አላጠበቀም።

ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት 83 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን በባሕር ዳር ግን ወደ 101 ይደርሳል። ስለዚህ የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው የማስተካከያ ስሌት መሠረት፥ ግፊቱ 99 ኪሎፓስካል ሙቀቱም 25 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ መኪናዪቱ ምን ያህል በሰጠች ነበር ተብሎ ቁጥሩ ይባዛል። በዚያ ቀን ማባዣው 1.23 ነበር። 520 በአንድ ጊዜ 640 ሆነ። ቀጥሎ የጋራዡ ሰው በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ቁልፍ ተጫነና ከዚህኛው የቆየውን፥ የበለጠ ቀዝቃዛና የበለጠ የታመቀ አየር መነሻ የሚያደርገውን ሌላ ስሌት መረጠ። ይህኛው ወደ 4 በመቶ ይጨምራል፤ 640 የነበረው 665 ሆነ። ታትሞ የተሰጠንም ወረቀት ይህ ነው። ከዚያ ወደ ሃቫና ጎዳና ሄደን ቡና እየጠጣን ሳለ፥ ከሞተሩ እስከ ጎማው ድረስ ባለው ካምቢዮና ዲፈረንሻል 15 በመቶ ጉልበት ይጠፋል የሚል ክርክር ተነሣ፤ አንዱም ስልኩን አውጥቶ 665ን ለ0.85 አካፈለ። 782 የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። የ782 ወረቀት የለም። ቁጥሩ የተወለደው በቡና ጠረጴዛ ላይ ነው፥ ያተምነውም እኛው ነን።

እዚህ ላይ አንድ መምህራችን፥ ማስተካከያ ስሌት ማጭበርበር አይደለም፥ ሳይንስ ነው፤ ያለ እርሱ የሰኞውን ልኬት ከዓርቡ ጋር ማወዳደር አይቻልም ሲሉ ገሥጸውናል። ትክክል ናቸው። አየሩ ትንሽ ሲሞቅ ወይም ግፊቱ ትንሽ ሲወርድ ልዩነቱን ለማጥፋት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ነገር ግን ስሌቱ ለትንሽ ልዩነት የታሰበ ነው። ኢሶ 1585 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ማባዣው ከ0.93 በታች ወይም ከ1.07 በላይ ከሆነ፥ ልኬቱ የተካሄደበት ሁኔታ በሪፖርቱ ላይ በትክክል እንዲገለጽ ያዛል። የእኛ ማባዣ 1.23 ነበር። በወረቀቱ ላይ ግን ስለ ግፊቱም ሆነ ስለ ሙቀቱ የተጻፈ አንድ ቃል የለም።

ወናፍ በተገጠመለት ሞተር ላይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ችግር አለ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም ዋናው ምክንያት እርሱ ነው። በቺንጊያ የሚዞር ወናፍ የሚያገኘውን አየር በተወሰነ እጥፍ ይጠቀጥቃል። እጥፉ ሁለት ነው እንበል። ዴንቨር ላይ 83 የነበረው 166 ይሆናል፤ በመኪናዪቱ መለኪያ ላይ ይህ በካሬ ኢንች 12 ፓውንድ ያህል ትርፍ ግፊት ሆኖ ይታያል። በባሕር ዳር ግን ያው ወናፍ በዚያው ፑሌጃ 101ን 202 ያደርገዋል፤ መለኪያውም ወደ 15 ፓውንድ ይጠጋል። እንግዲህ ዴንቨር ያለ ሰው አየሩ ቀጭን ስለ ሆነበት ትንሽ ፑሌጃ ይገጥማል፤ የሞተሩን አቅምና የቤንዚኑን ጥራት መርምሮ 12 ፓውንድ ላይ ያቆማል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ወረቀቱ ግን 1.23 ሲያባዛ የሚናገረው ስለ ሌላ መኪና ነው፤ በባሕር ዳር በዚያችው ትንሽ ፑሌጃ፥ በዚያው ቤንዚን፥ 15 ፓውንድ ግፊት ተቀብላ ምንም ሳትሆን ስለምትሮጥ መኪና ነው። እንዲህ ያለች መኪና የለችም። 91 ኦክቴን ቤንዚንና 11 ለ1 የሚያምቅ ሞተር ያንን ግፊት የሚችሉ ለመሆናቸው ማንም አልፈተነም። ስሌቱ አየርን ያውቃል እንጂ ፒስተንን አያውቅም። (ተርቦ ለተገጠመላት መኪና ነገሩ ይለያል፤ ተርቦው በቀጭን አየር ውስጥ ፈጥኖ እየዞረ የጎደለውን ራሱ ስለሚሞላ፥ ማባዣው ያልጠፋውን ጉልበት እንደ ጠፋ ቆጥሮ ይመልሳል።)

አሁን ወደ ሂዩስተን እንሂድ። ጓደኛችን ወረቀቱን ካገኘ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለዘመድ ሠርግ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በዚህችው መኪና ወደ ቴክሳስ ወረደ። ሂዩስተን ከባሕር ወለል ከፍ የምትለው በጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው። መንገዱን ሁሉ መኪናዪቱ ደኅና ነበረች፤ እንዲያውም ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እንደ በረታች ነግሮናል። ከተማው ጥግ ሲደርሱ አንድ ጭነት መኪና ለመቅደም ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ። በመኪናዪቱ ውስጥ የነበረው መመዝገቢያ የሆነውን ሁሉ ጽፎታል። ግፊቱ ከ14 ፓውንድ አለፈ። የነዳጅ ፓምፑ ለዚያ ግፊት የሚበቃ ቤንዚን ማድረስ አልቻለም። ዴንቨር ላይ ለአንድ እጅ ቤንዚን 11.7 እጅ አየር የነበረው ድብልቅ ወደ 13.4 ሳሳ። እንዲህ በሳሳና በሞቀ ድብልቅ ውስጥ የካንዴላው እሳት ገና ሳይደርስበት ቀሪው በራሱ ይፈነዳል፤ መካኒኮች ሞተር አንኳኳ የሚሉት ይህንን ነው። ነገሩ ሁሉ አራት ሴኮንድ አልሞላም።

የዛሬ መኪና እኮ የሚያዳምጥ ጆሮ አለው፤ ማንኳኳት ሲሰማ ኮምፒዩተሩ ብልጭታውን አዘግይቶ ሞተሩን ያድነዋል ትሉን ይሆናል። እኛም የጠየቅነው ይህንኑ ነበር። በዳይኖው ቀን ያ ጆሮ እንዲደነዝዝ መደረጉን የሰማነው በኋላ ነው። ለምን ቢባል፥ ብልጭታው በዘገየ ቁጥር በወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር ይቀንሳል። የጋራዡን ስም አንጠራም፤ ሰውዬው ጓደኛችን የጠየቀውን ነው የሰጠው። ጓደኛችን የጠየቀው ከፍተኛ ቁጥር ነበር፤ ከፍተኛ ቁጥር ያስጠየቀው ደግሞ በዙሪያው ቆመን የምናጨበጭበው እኛ ነበርን።

ሌላም የደበቅነው ነገር አለ። በዚያ ቀን መኪናዪቱ የተለካችው አንድ ጊዜ ሳይሆን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ 520፥ ቀጥሎ 505፥ በሦስተኛው 488 ሰጠች። አየር ሲጠቀጠቅ ይሞቃል፤ ግፊቱን እጥፍ የሚያደርግ ወናፍ፥ ማቀዝቀዣ ባይኖር፥ የአየሩን ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ ያህል ሊጨምረው ይችላል። ማቀዝቀዣውም ራሱ ከሁለተኛው ልኬት በኋላ እየሞቀ ሄደ። ከሦስቱ ውስጥ በሐምሌ ወር፥ በሃቫና ጎዳና መብራት ላይ፥ በፀሐይ ቆማ የምትነሣዋን መኪና የሚመስለው የትኛው ነው ብትሉን፥ መልሳችን ሦስተኛው ነው። ወደ ወረቀቱ የሄደው ግን ኮፈኗ ተከፍቶ፥ ትልቅ ማራገቢያ ፊት ለፊቷ ተደቅኖ፥ ወናፉ ላይ የበረዶ ከረጢት ተጭኖ የተገኘው የመጀመሪያው ነው።

ይህ የቁጥር ፍቅር በእኛ አልተጀመረም። የፈረስ ጉልበት የሚባለው መለኪያ ራሱ ከገበያ የተወለደ ነው፤ ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሮቹን ፈረስ ይገዛ ለነበረ ሰው ለመሸጥ ሲል አንድ ፈረስ በደቂቃ 33,000 የእግር ፓውንድ ሥራ ይሠራል ብሎ ወሰነ። የአሜሪካ ፋብሪካዎችም እስከ 1971 ድረስ ሞተሩን ከመኪናው አውጥተው፥ ማርሚታውንና ሌላውን ተሸካሚ ዕቃ ሁሉ አራግፈው ይለኩ ነበር። በ1972 ሞተሩ በመኪናው ውስጥ የሚሸከመውን ዕቃ ሁሉ እንደ ያዘ የሚለካበት ደንብ ሲመጣ፥ ኤል ቲ 1 በሚባለው ሞተር የሚሸጠው ኮርቬት ከ330 ወደ 255 ወረደ። ከልዩነቱ የሚበዛው የደንቡ እንጂ የሞተሩ አልነበረም። ያን ጊዜ ያዘነ ገዢ ሳይኖር አይቀርም፤ ነገር ግን በአንድ ሌሊት ከመኪናው የተሰረቀ ነገር አልነበረም።

ዳይኖ እውነትን ሲያወጣ ምን እንደሚሠራ ለማየት ደግሞ የ1999ኙን ሙስታንግ ኮብራ እናስታውስ። ፎርድ 320 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ ሸጠው። ገዢዎች ግን መኪኖቻቸውን በከበሮ ላይ እያወጡ ሲለኩ ቁጥሩ አልደርስ አላቸው። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልሰማው ነበር፤ ወረቀታቸውን ጎን ለጎን ስላስቀመጡ ግን ኩባንያው ሽያጩን አቁሞ፥ የተሸጡትን መልሶ ጠርቶ፥ የአየር መግቢያውንና የጭስ መውጫውን አስተካከለ። በ2003 ያው ኮብራ ወናፍ ተገጥሞለት 390 ተባለ፤ በዚህ ጊዜ ባለቤቶቹ ያገኙት ልኬት ኩባንያው ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ እንደ ተናገረ የሚያሳይ ነበር። ተራ ሰው አንድን ታላቅ ፋብሪካ ሊጠይቅ የቻለው በዚህ መሣሪያ ነው። እኛም የምንቆጨው እንዲህ ያለውን መሣሪያ ወስደን የራሳችን ማሞገሻ ስላደረግነው ነው።

ቁጥርን ከነሁኔታው መናገር ጉራን እንኳ አይከለክልም። ዶጅ በ2018 ያወጣውን ዲመን የተባለውን መኪና እዩ፤ በ91 ኦክቴን ቤንዚን 808፥ በ100 ኦክቴን 840 ተብሎ ነው የተነገረው። በ2023 የወጣው ተከታዩም 1,025 የሚሰጠው ኢታኖል በብዛት የተቀላቀለበት ነዳጅ ሲሞላ እንደ ሆነ፥ በተራ የነዳጅ ማደያ ቤንዚን ግን 900 እንደ ሆነ አብሮ ተገልጿል። ከእነዚህ በላይ ጉራ የሚወድ መኪና አናውቅም፤ ግን ቁጥሩና ነዳጁ በአንድ መስመር ላይ ተጽፈዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ ልጆቹ ቀን ይማራሉ ማታ ይሠራሉ፤ በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበው በሞተር ድምፅ ቢደሰቱ ምን ቸገራችሁ ብለውናል። ምንም አልቸገረንም፤ እኛም እንሄዳለን፥ ምናልባትም ከሁሉ በፊት ደርሰን በር እንይዛለን። ያስጨነቀን የሽልማቱ ደንብ ነው። ከፍተኛ «የተስተካከለ» ቁጥር ላገኘ ሦስት መቶ ዶላር ይሰጣል ይላል ረቂቁ። በዚህ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ደንብ ሲወጣ ተወዳዳሪው ምን እንደሚያደርግ ከወዲሁ መናገር ይቻላል። በጣም ትንሿን ፑሌጃ ይገዛል፤ የሞተሩን ጆሮ ያደነዝዛል፤ በረዶ ይጭናል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይለካና በዚያው መኪና ወደ ቤቱ ይነዳል። ፍሬኑን ያላሳደገ፥ ጎማውን ያልቀየረ ልጅ እኅቱን ከጎኑ አስቀምጦ ይነዳል። እንዲህ አድርግ ያለው ሰው የለም፤ ደንቡ ግን ብሎታል።

ነገሩ በኮሎራዶ ብቻ የሚቀር አይመስለንም። ከመካከላችን ትምህርቱን ጨርሶ አዲስ አበባ ላይ ዘመናዊ ጋራዥ ለመክፈት፥ ዳይኖም ለማስገባት የሚያስብ አለ፤ ስሙን እንዳንጠራ ለምኖናል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ግፊቱ ከባሕር ዳሩ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። በዚያ ማባዣው ከ1.3 ያልፋል። 300 የሰጠችውን መኪና ማተሚያው 400 ያደርጋታል። ባለቤቷ ደስ ብሎት ይከፍላል፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግን የሚጎትተው 300ው ነው። ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ደግሞ ያቺ ትንሽ ፑሌጃ ምን እንደምታደርግ ከላይ ጽፈናል።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዷ መኪና ሳትቀዘቅዝ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ትለካ። የሚለጠፈው ወረቀት ከበሮው ያገኘውን ያልተባዛ ቁጥር በትልቁ፥ የተባዛውን ከፈለጉ ከሥሩ በትንሹ ይጻፍ፤ የአየሩ ግፊት፥ ሙቀት፥ የዳይኖው ዓይነት፥ ማርሹና ቤንዚኑ አብረው ይውጡ። የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ መስመር ከጉልበቱ መስመር ጋር በአንድ ገጽ ላይ ይታተም፤ እውነተኛው የዳይኖ ጥቅም ያ መስመር ነውና። የጉልበቱ መስመር መኪናዪቱ ዛሬ ምን እንደ ሠራች ይነግረናል፤ የድብልቁ መስመር ግን ነገ ትኖር እንደ ሆነ ይነግረናል። ሽልማት የግድ ያስፈልጋል ከተባለም፥ ሦስተኛው ልኬቷ ከመጀመሪያው እምብዛም ላልራቀ መኪና ይሰጥ። 300 የፈረስ ጉልበት ያላት አሮጌ መኪና 600 ያላትን ብታሸንፍ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል፤ ይኑር።

ወረቀቱን ለመመርመር ለሚወድ ሰው አንድ ትንሽ ነገር እናክል። በእንግሊዝ መለኪያ የመጠምዘዝ ኃይሉና የፈረስ ጉልበቱ መስመሮች በአንድ ሚዛን ከተሣሉ ሁልጊዜ በደቂቃ 5,252 ዙር ላይ መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ፥ ሚዛኑ ለሁለቱ የተለያየ ነው፥ ወይም አንድ ሰው እጁን አስገብቷል። አሥራ አምስት ብር የሚያወጣ ማስመሪያ ይበቃል።

ባለፈው እትም ያወጣነውን 782 በዚህ ሠርዘነዋል። በምትኩ እንዲመዘገብ የምንፈልገው፦ 520፥ 505፥ 488፤ በጎማ ላይ፥ ያልተባዛ፥ ዴንቨር፥ 91 ኦክቴን። ጓደኛችን ይህን እንድናወጣ ፈቅዷል። ኮሚቴው ዓርብ ማታ በ12 ሰዓት ተኩል በሀገራችን አቆጣጠር በተለመደው አዳራሽ ስለ ደንቡ ሲነጋገር የቀለጠውን ፒስተን በካርቶን ይዞ እንደሚመጣም ነግሮናል። መምህራንም ጭምር እንድትገኙ እንጠይቃለን፤ በተለይ ማባዣውን የተከላከሉት መምህራችን ቢመጡ ደስ ይለናል፥ ገና ያልጨረስነው ክርክር አለና።